ሰው ወዳዱን ውሻ ከውሾች ጋር እናላምደው ወይስ እንተወው?

ጭብጡ ይህ ነው፦ ሰው ሲያይ ጅራቱን እየቆላ የሚሮጥ፣ ሌላ ውሻ ሲመጣ ግን ባለቤቱ እግር ሥር የሚወሸቅ ውሻ ምን ይደረግ?

እንተወው ባይ፦
ውሻ ሁሉ የውሻ ጓደኛ ያስፈልገዋል የሚለውን አልቀበልም። ቡችላ ሳለ ካገኘው ጋር ይላፋል፤ ከ1 እስከ 3 ዓመቱ ሲበስል ግን ብዙው መራጭ ይሆናል። ይህ ዕድገት እንጂ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ከቡችላነታቸው ጀምሮ አብረው የኖሩ ውሾች እንግዳ ቦታ ሲወሰዱ የሆነውን መዝግቧል፦ አብሮ አደጉ ከጎኑ ቢሆንም ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ጨመረ፤ ተንከባካቢው ሰው አብሮት ሲሆን ግን አልጨመረም። መጽናኛው ማን እንደሆነ እንዲህ እያሳየን ለምን እንጎትተዋለን? "ይተዋወቁ" ተብሎ በአጭር ገመድ ፊት ለፊት ሲያጋፍጡት አፉን ተመልከቱ። ተከፍቶ የነበረው ግጥም ይላል፤ ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፤ ፊቱን ያዞርና የዓይኑ ነጭ በጥግ ይታያል። ይህን ሁሉ ብሎ ካልተሰማ ያጉረመርማል። በማጉረምረሙ የሚቆጡት ከሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ መንከስ ሊለምድ ይችላል።

እናላምደው ባይ፦
ፊት ለፊት ማጋፈጡን እኔም አልደግፍም። ግን እኛ ስለተውነው መንገዱ ከውሻ አይጸዳለትም። ማላመድ የምለው ጓደኛ ማበጀትን ሳይሆን አይቶ በሰላም ማለፍን ነው። ውሾችን መሸሽ የጀመረው በድንገት ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ጆሮው ወይም መገጣጠሚያው የሚያመው ውሻ እንዳይነኩት ይሸሻል። ጤነኛ ከሆነ፣ ሌላውን ውሻ እያየም የሰጡትን የሚበላበትን ርቀት ፈልጉ። 25 እርምጃ ላይ እምቢ ካለ ከ35 ጀምሩ። ውሻው ብቅ ሲል የአተር ፍሬ የምታክል ቁራሽ ሥጋ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ውሻው ሲሰወር ሥጋውም ያበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሥጋው አስቀድሞ ከወጣ፣ ሥጋው ራሱ "ውሻ እየመጣ ነው" የሚል መርዶ ይሆንበታል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ውሻውን አይቶ በራሱ ፈቃድ ወደ እናንተ መዞር ሲጀምር ብቻ ሁለት እርምጃ ቅረቡ።

እንተወው ባይ፦
ይህን ያህሉን እቀበላለሁ። የሚያሰጋኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ባለቤቱ በሰላም ማለፉን ሲያይ "እንግዲህ ይጫወቱ" ይልና የስንት ሳምንት ልፋት በአንድ ቀን ይፈርሳል። የእኔ ምክር ከዚያ ያነሰ ነው። ገመዱ 2 ሜትር ያህል ይሁን፤ መሃሉ ረግቦ ይንጠልጠል። ውሻ ባያችሁ ቁጥር ገመዱን ካሳጠራችሁ፣ የአንገቱን መወጠር ከሚመጣው ውሻ ጋር ያያይዘዋል። "ዞር" የምትለዋን ቃል ባዶ መንገድ ላይ አስተምሩት። መንገዱ ጠባብ ከሆነ እናንተ መሃል ግቡ፤ ሰፊ ከሆነ ዞር ብላችሁ በሩቁ እለፉ።

እናላምደው ባይ፦
ይሁን። ታዲያ ዓለሙ ሰው ብቻ የሆነ ውሻ፣ ሰው ሲወጣ ምን ይዋጠው? በር ሲዘጋ የሚያላዝነው፣ መቃኑን የሚቧጭረው አንዳንዴ እንዲህ ያለው ነው።

እንተወው ባይ፦
ለዚያ ሁለተኛ ውሻ ማምጣት ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ አዲሱ ተኝቶ ነባሩ ያላዝናል፣ የናፈቀው ሰው ነውና። ከደጅ ውጡና በ5 ሰከንድ ተመለሱ፤ ሳያላዝን ግቡ። 5 ሲለመድ 10፣ ከዚያ 30፣ በመሃል ደግሞ እንደገና 5፤ ሁልጊዜ እየረዘመ ከሄደ ይነቃበታል። አንዳንዴም ጫማ አድርጋችሁ፣ ቁልፍ አንስታችሁ፣ ሳትወጡ ተቀመጡ፤ ቀስ በቀስ የቁልፍ ድምፅ የመሄድ ምልክት መሆኑ ይቀራል።