ቀረጡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም!

ከኢትዮጵያ የባህል ልብስ እያስመጣሁ አሜሪካ እሸጣለሁ። ዋጋ ስለጨመርኩ ሰሞኑን ኢንቦክሴ ስድብ በስድብ ሆኗል። «አምና በርካሽ ካንቺ ገዝቼ የለ እንዴ? አሁን ምን መጣ?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ «ዲያስፖራውን ልትግጪው ነው» አለችኝ። እኔ ራሴ እዚሁ ሜሪላንድ የቤት ኪራይ እያረረብኝ!

የመጣውማ ይሄ ነው። ድሮ ከ800 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አልነበረበትም። እኛ ትናንሽ ሻጮች የኖርነው በሷ ነበር። ቀሚሱ ከሽሮ ሜዳ ይነሳል፣ ደንበኛዋ በር ላይ ይደርሳል፣ አለቀ። ከኦገስት 29፣ 2025 ጀምሮ ይሄ ቀረ። አንዲት ነጠላም ብትሆን ትቀረጣለች። ያኔ ለኢትዮጵያ ዕቃ በመደበኛው ቀረጥ ላይ 10 በመቶ ተደርቦ ነበር። በፖስታ ቤት ሲላክ ደግሞ አጓጓዡ ቀረጡን ከዋጋው በመቶኛ አስልቶ ካልሰበሰበ፣ ለስድስት ወር ብቻ የወጣ ቁርጥ ሂሳብ ነበር፤ ከኛ አገር ለሚመጣ በዕቃ 80 ዶላር። የ60 ዶላር ነጠላ፣ የ80 ዶላር ቀረጥ! ያኔ 88 የሚሆኑ የዓለም ፖስታ ድርጅቶች ግራ ገብቷቸው ወደ አሜሪካ መላክ በከፊልም በሙሉም አቁመው ነበር። እነሱ ግራ ከገባቸው እኔ ማን ነኝ?

እውነት ለመናገር 10 በመቶዋ አይደለችም ያንገበገበችኝ። አጓጓዡ ቀረጡን ቀድሞ ይከፍልልሽና «የአገልግሎት» ብሎ የራሱን ይጨምርበታል። አንዳንዴ እሱ ከቀረጡ ይበልጣል። ባለፈው ለሠርግ የታዘዘ ባለወርቅማ ጥለት ቀሚስ ላክሁ። ሴትዮዋ በር ላይ ሂሳብ ሲመጣባት «አልቀበልም» ብላ መለሰችው። ሸማኔው ተከፍሎታል፣ ሰፊዋ ተከፍሏታል፣ የመመለሻውን ደግሞ ከእኔ ጠየቁኝ። ቀሚሱ በሷ ልክ የተሰፋ ነው፤ ለማን ልሽጠው?

ደረሰኙስ ብትሉ! አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «የባህል ልብስ» ብላ ጽፋ ትልካለች። ጉምሩክ የባህል ልብስ የሚባል ነገር አያውቅም። ጥጥ ነው? የሴት ነው? የተሸመነ ነው? የት ተሠራ? ስንት ነው? ይሄ ካልተሟላ ዕቃው ተይዞ ይቀመጣል። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ይሄን የሚጨርስላቸው አስተላላፊ አላቸው። እኛ ያለን ቴሌግራምና የሰባት፣ የስምንት ሰዓት ልዩነት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን «ስጦታ ብለሽ ጻፊበት» የምትሉኝ ናችሁ። እስከ 100 ዶላር ያለ ስጦታ ነፃ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ገንዘብ የከፈልሽበት ቀሚስ በምን ሂሳብ ስጦታ ይሆናል? «20 ዶላር ብለሽ አሳንሺው» የምትለዋም አለች። የሚያዘው ዕቃ፣ የሚቀጣውም ስም የኔ ነው እኮ፣ የኔ እናት!

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ዋጋ በኢንቦክስ» የለም። ቀረጡም የማጓጓዣውም ተደምሮ ፎቶው ሥር ይጻፋል። በር ላይ የሚመጣ ሂሳብ የለም፣ በኋላ «አላልሽኝም» የለም። ስጦታ የምትፈልጉ የልደት ቀናችሁን ላኩልኝ።