በርሜል መክደን ብቻውን አይበቃም

በቢምቢ ንክሻ የሚተላለፈውን የደንጊ ትኩሳት ለመከላከል «የውኃ በርሜላችሁን ክደኑ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከዚራ በሉት መጋላ፣ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል።

የደንጊ ቢምቢ እንቁላሏን የምትጥለው ከውኃው ከፍ ብላ፣ እርጥቡ የበርሜል ግድግዳ ላይ ነው። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ነው፣ ያልላመ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስላል። በርሜሉን ደፍታችሁ ብታደርቁት እንኳ ለወራት ይቆይና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ የፈረቃው ውኃ ሊመጣ ሲል፣ የተረፈውን ቀድታችሁ ውስጡን በጠንካራ ብሩሽና በኦሞ ፈትጉት፤ በተለይ ውኃው የቆመበትን መስመር። እጣቢውን ደረቅ አፈር ላይ ድፉት። ሳምንት የተባለው በምክንያት ነው፦ በድሬ ሙቀት እንቁላሉ ተፈልፍሎ ለመብረር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃዋል።

ክዳኑ ጣውላ ከሆነ ዳር ዳሩ ክፍት ይቀራል። ያረጀ አጎበር ሁለት እጥፍ አድርጎ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይሻላል። ላስቲክ ረግቦ ዝናብ ስለሚያቁር ራሱ መፈልፈያ ይሆናል።

ድሬ የ2006ቱን ደንጊ፣ የ2011ዱን ቺኩንጉንያ (ይህችው ቢምቢ የምታስተላልፈው ሌላ የትኩሳት በሽታ) ያየ ከተማ ነው። ይህቺ ቢምቢ ቀን ስለምትናከስ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። በ2014 ወባ ያዛመተችው ሌላዋ ቢምቢ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲም፣ በቤት ውኃ ማጠራቀሚያና ለግንባታ ውኃ በሚታቆርበት ጉድጓድ ትራባለች። እባካችሁ የሰፈር ኮሚቴዎች፣ በጅምር ቤቶቹ ጀምሩ።