የጅማ ባሕር ኃይል ግዥ ኮሚቴ

ሄሊኮፕተር መግዛት ከባድ ነው የሚል ሰው ጅማ በርጫ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እኛ ባለፈው ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት 12 የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮች ገዝተናል። ጨረታ የለ፣ ፕሮፎርማ የለ፣ አበል የጠየቀ የለ። ጠቅላላ ወጪው ሁለት ዙርባ ጫት፣ ኦቾሎኒና አንድ ጀበና ቡና ነው።

እስቲ ካናዳን እዩ። ሦስት ውቅያኖስ የሚያዋስናት ሀብታም አገር ናት። ሲ ኪንግ የሚባሉትን የባሕር ሄሊኮፕተሮቿን ሥራ ያስጀመረችው በፈረንጅ 1963 ነው። ሲያረጁ ምትክ አዘዘች። በ1993 አዲስ መንግሥት መጣና ትዕዛዙን ሰረዘው። ምንም ሳይገዙ ለስረዛው ብቻ ወደ 500 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ወጣ። በ2004 እንደገና ሳይክሎን የሚባሉ 28 ሄሊኮፕተሮች አዘዙ። የመጨረሻው ሲ ኪንግ ጡረታ የወጣው በ2018 መገባደጃ ነው። 55 ዓመት! ለእነሱ 55 ዓመት የፈጀው ለእኛ ሦስት ሰዓት። ከሦስቱ ሰዓት ውስጥ ደግሞ አንዱ ቡና እስኪፈላ የጠበቅንበት ነው።

ኖርዌይም ያው ናት። በፈረንጅ 2001 ኤንኤች 90 የሚባሉ 14 ሄሊኮፕተሮች አዘዘች፤ በ2008 ተጠናቀው ይገባሉ ተብሎ። በ2022 ብትቆጥር ሙሉ አቅም ይዘው የደረሷት 8 ብቻ ናቸው። ተናደደችና «ውሰዱልኝ፣ ገንዘቤን መልሱ» አለች። ሂርማታ ገበያ የተገዛ ጫማ እንኳ እንዲህ አይመለስም።

የእኛ ኮሚቴ ለዚህ አይጋለጥም፤ ስፔሲፊኬሽኑን ጠንቅቆ ያውቃላ። አንዱ አባላችን ባጃጅ ነጂ ነው። «ከላይ የሚሽከረከረው ክንፉ መታጠፍ አለበት፤ አለዚያ መርከቧ ላይ ያለው ጋራዥ አያስገባውም» አለ። ልክ ነው። ጨው እንዳይበላው ሆኖ መሠራት አለበት አለ። ይሄም ልክ ነው። መርከቧ ስትዋዥቅ ሄሊኮፕተሩን በገመድ ስቦ የሚያሳርፍ መሣሪያ ካናዳዎች እንደፈጠሩም ነገረን። (የራሱ ባጃጅ የእጅ ፍሬን ከፋሲካ ጀምሮ አይሠራም። ሲያቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል።)

ጡረተኛው መምህር ሶናሩን አነሱ። «ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ ቆሞ ጆሮውን ውኃ ውስጥ ይነክራል፤ ሰርጓጅ መርከብ ያዳምጣል።»

«የት እንሞክረዋለን ጋሼ?»

«እዚሁ ጅማ ቦዬ ረግረግ አለ አይደል? ጉማሬው ሰርጓጅ ይሆናል።»

በሙሉ ድምፅ ፀደቀ።

ያኔ አንድ ዘግይቶ የገባ ልጅ «ባሕሩስ?» አለ። ዝም አልን። ኤርትራ በእኛ አቆጣጠር በ1985 ነጻ ከወጣች ወዲህ ወደብ እንደሌለን ማን ያጣዋል? መምህሩ በትዕግሥት አስረዱት። በ2010 ባሕር ኃይሉ እንደገና ይቋቋማል ተብሏል፤ በ2011 ፈረንሳይ ልትረዳ ተስማምታለች። የቀረው ባሕሩ ብቻ ነው። «አንተ ገና ስላልመረቀንክ ነው» ተባለ። እውነትም ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥያቄውን ትቶ የመርከቦቹን ስም ሲያወጣ ነበር።

መቼም ይህ ሁሉ ችሎታ ሜዳ ላይ አልቀረም። ይኸው ኮሚቴ የእድራችንም ድንኳን ገዢ ነው፤ እኔ ጸሐፊው ነኝ። ድንኳኑ ከተቀደደ ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቱ። ፕሮፎርማ ሰበሰብን፤ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ስንከራከር የዋጋው ጊዜ አለፈ። እንደገና ሰበሰብን፤ ሸራው ተወዶ ጠበቀን። ሦስተኛው ፕሮፎርማ እኔ ኪስ ውስጥ ታጥቧል። ባለፈው ሐምሌ ለቅሶ ላይ አንድ አዛውንት ድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ንፍሮ ሲበሉ አይተን ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ የህንድን ጉዳይ አነሳ።

ህንድ በፈረንጅ 2020 ሲሆክ የሚባሉ 24 የባሕር ሄሊኮፕተሮች ለመግዛት ተዋውላለች። ህንድ 24 እኛ 12? ነውር ነው። የመጪው ቅዳሜ አጀንዳ ይኸው ሆኖ ተያዘ።

ድንኳን ለጊዜው ከጎረቤት እድር ተውሰናል። ስንመልስ አንድ ካስማ ጎድሏል፣ ክፈሉ አሉን። ለካስማው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል።