ስለ ቡናው ክስ አንድ እርማት

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ተጋቢኖ የተደፋባት ልጅ ካሳ ጠየቀች ሲባል «እንደዚያች አሜሪካዊት ልትሆን ነው? መኪና እየነዳች ቡና ደፍታ ሚሊየነር ሆነች» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ልክ አይደለም።

እኚያ የ79 ዓመት እናት አልነዱም። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ፣ አልበከርኪ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ሾፌሩ የልጅ ልጃቸው ነበር፤ መኪናዋም ቆማ ነበር። ስኳር ሊጨምሩ ክዳኑን ሲከፍቱ ቡናው ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ቡናውን የሸጠላቸው የፈጣን ምግብ ኩባንያ ማክዶናልድስ የሚያቀርበው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቆ ነበር። ሱሪያቸው ቡናውን ጠጥቶ ቆዳቸው ላይ አቆየው። ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ! 8 ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ ተተከለላቸው።

መጀመሪያ የጠየቁት 20 ሺህ ዶላር ነው። ኩባንያው 800 ብቻ አለ። በችሎቱ ደግሞ ቀድሞ ከ700 በላይ የቃጠሎ አቤቱታ እንደደረሰው ታወቀ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሚሊየነር ያሰኛቸው 2.7 ሚሊዮን ዶላር ጁሪው (ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ ተራ ዜጎች) ኩባንያውን ለመቅጣት የፈረደው የቅጣት ካሳ ነበር፤ ዳኛው ጠቅላላውን ወደ 640 ሺህ አወረዱት። በኋላ በስምምነት ተዘጋ። ደግሞ 20 በመቶው ጥፋት የእሳቸው ነው ተብሎ ከጉዳት ካሳው ተቀንሷል።

እኛም ጋ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። ተጋቢኖ እኮ ጠረጴዛ ላይ ደርሶም ይንተከተካል። ልጅቷን እባክህ አታሸማቅቃት።