ብዙ አልናገርም ያለው ወንድም

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። የቤተክርስቲያን ፕሮግራም ሲያልቅ አሪፍ አርጎ የዘመረውን ወንድም ፈልጉትና "ዛሬ በዝማሬህ ተባርኬያለሁ" በሉት። አንገቱን ሰበር አርጎ "ኧረ እኔ ምንም አይደለሁም፣ ጌታ ነው" ማለቱ አይቀርም። ጨዋታው እዚህ ጋር ነው፣ አሜን ብላችሁ ከመለያየት ፈገግ በሉና "እሱስ ልክ ነህ፣ ድምፅህ እንኳን ያን ያህል አይደለም፣ ጌታ ነው የረዳህ" በሉት። ምን አጠፋችሁ? ራሱ ያለውን ነው እኮ መልሳችሁ ያላችሁት! ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሰላምታ የለም፣ ትንሽ ቆይቶ ደሞ ስማችሁ ሳይጠራ የጸሎት ርዕስ ትሆናላችሁ፣ "የመራርነት መንፈስ ያለበት አንድ ወንድም አለ፣ እናስበው" ተብሎ።

ያው ገብቷችኋል፣ "ምንም አይደለሁም" የሚባለው እንድናምነው አይደለም፣ "ኧረ አንተማ!" እንድንል ነው።

"ብዙ አልናገርም" የምትባለዋ ደሞ አለች። ወንድማችን ለሰላምታ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ይወጣና "እኔ ለዚህ መድረክ የማልበቃ ታናሽ ወንድማችሁ ነኝ፣ ብዙ አልናገርም፣ ጌታ በልቤ ያኖረውን አንዲት ቃል ጣል አርጌ እወርዳለሁ" ይላል። አንዲቷ ቃል መግቢያ አላት፣ ሦስት ነጥብ አላት፣ ሦስተኛው ነጥብ ራሱ ሀ እና ለ አለው። ፓስተሩ ሰዓቱን ያያል፣ ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ይገባው ይሆናል ብሎ ከስር ቀስ እያለ መጫወት ሲጀምር ሰውየው ማበረታቻ መስሎት ድምፁን ከፍ ያረጋል፣ ወረቀት ጽፈው ሲያቀብሉት ደሞ አጣጥፎ ኪሱ ከቶ "መንፈስ ቅዱስ በሰዓት አይታሰርም" ይላል፣ ጉባኤውም ምስኪን አሜን ይላል፣ ምን ያርግ።

ነገሩ ደሞ የዛሬ እንዳይመስላችሁ። ጳውሎስ በ50ዎቹ ዓ.ም. ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ጣጣው ይሄው ነበር፣ አንዱ መዝሙር አለኝ ይላል፣ አንዱ ትምህርት፣ አንዱ ልሳን (ሰው በማያውቀው ቋንቋ በመንፈስ መናገር)፣ የጠፋው ቁጭ ብሎ የሚሰማ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ ሐዋርያው ተራ ማስያዝ ውስጥ ገባ በቃ። በልሳን የሚናገር ሁለት ቢበዛ ሦስት፣ እሱም በየተራ፣ የሚተረጉም ከሌለ ዝም ይበል፣ ለተቀመጠው ለሌላ ሰው አንድ ነገር ከተገለጠለት ደሞ ፊተኛው ዝም ይበል። ፊተኛው ዝም ይበል! ቁጥር 30 ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት በአበባ ፎቶ ላይ ጥቅስ ተጽፎ የማይላክልኝ ቀን የለም፣ ይቺን የላከልኝ ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም። "መንፈስ ሲይዘኝ ማቆም አልችልም" ለሚለውም ቁጥር 32 የነቢያት መናፍስት ለነቢያት ይገዛሉ ስለሚል እሷም ምክንያት አታዋጣም።

ልብ ካላችሁ የምንሻማው ማይክ ያላቸው ጸጋዎች ላይ ነው። ምዕራፍ 12 ቁጥር 28ን እዩት፣ ሐዋርያት፣ ነቢያት፣ አስተማሪዎች፣ ተአምራት፣ ፈውስ ይልና እዛው መሃል እርዳታ ይላል። ማስተዳደርም አለ። ለነቢይነት እጅ ተጭኖበት የወደቀ ሰው ስንቱን አይተናል፣ ወንበር የማጠፍ ቅባት ወርዶበት የተንቀጠቀጠ ያየ ካለ ግን እስቲ እጁን ያውጣ። "የእርዳታ ጸጋ ታላቅ ኮንፈረንስ፣ ወንበር በማንሳት ከሚታወቀው ትሁት የእግዚአብሔር ሰው ጋር" የሚል ፖስተርስ? ሳውንድ ላይ የሚቀመጠውን ልጅ ደሞ ጉባኤው ዞር ብሎ የሚያየው ማይኩ ሲያፏጭ ብቻ ነው፣ ያውም እንደ አጋንንት እያየ። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ለመበለቶች የሚታደለውን የዕለት እርዳታ የሚቆጣጠሩ ሰባት ሰዎች ሲመረጡ መስፈርቱ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው መሆናቸው ነበር። እኛ ጋር ለዚህ ሥራ የሚጠየቀው "ጉልበት አለው ወይ? መኪናስ አለው?" ነው።

በሌላ በኩል ደሞ የሚደበቁት አሉ፣ እነሱን ዝም ብዬ አላልፍም። ልጆችን ማስተማር የተካነች እህት፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚያብዱላት፣ "ኧረ እኔ አልበቃም፣ ከኔ የተሻሉ አሉ" ትላለች። ይለመናል፣ "እጸልይበታለሁ" ትላለች። ሽማግሌዎች ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ፣ አሁንም እየጸለየች ነው። ልመናው እየጣፈጠ እንደመጣ ያስታውቃል (ለነገሩ መለመን ማን ይጠላል)። ማቴዎስ 25 ላይ መክሊቱን የቀበረው ሰውዬም አንዲት ብቻ ስለሆነች ብለን እናዝንለታለን፣ ግን አንድ መክሊት ማለት እኮ ወደ 6000 ዲናር ነው፣ ዲናር ደሞ የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ ነበር፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን ብናስብ የ20 ዓመት ደሞዝ መሬት ውስጥ ነው የከተተው! ጌታው ሲመጣ "እንዴት ያለ ትሁት ልጅ ነው" አላለውም፣ ክፉና ሃኬተኛ ነው ያለው።

ሙሴን ተመልከቱት እስቲ። ዘኍልቍ 11 ላይ ሁለት ሰዎች ወደ ድንኳኑ ሳይመጡ፣ ማለት ፕሮግራም ሳይያዝላቸው፣ ሰፈር ውስጥ ትንቢት መናገር ጀመሩ። አንድ ልጅ ሮጦ ሲናገር ኢያሱ "ጌታዬ ከልክላቸው" አለ፣ ሙሴ ግን ለኔ ብለህ ነው የምትቀናው፣ ሕዝቡ ሁሉ ምነው ነቢይ በሆነ ብሎ ዝም አሰኘው። በምድር ካሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሁት ነበር ተብሎ የተጻፈለት እኮ ይሄ ሰው ነው፣ ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ። የኔን ኳየር ብታዩት ግን፣ አዲስ የገባ ልጅ ሶሎ ተሰጥቶት ጉባኤው እንባ በእንባ ሲሆን ነባሩ ሶሎይስት ዓይኑን ጭፍን አርጎ "ጥልቅ ጸሎት" ውስጥ ይገባል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ "ልጁስ ጸጋ አለው፣ ግን ገና አልተሰበረም፣ ትንሽ ይቆይ" ይላል፣ መሰበር በኛ ቋንቋ ትዕቢት ወጥቶ ዝቅ ማለት ነው። ይቆይ የተባለው ልጅ ጺም አበቀለ። ገና አልተሰበረም የሚባለው መቼም ሌላው ሰው ነው፣ "ልጁ ይዘምር፣ እኔ ልሰበር እስቲ" ያለ ሶሎይስት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝና ሄጄ አብሬው ወንበር አጥፋለሁ።