መቼ ነው የሚጨበጨበው?

የሐበሻ እጅ ዘፈን እየሰማ ጭን ላይ መቀመጥ አያውቅም። ሠርግ ላይ ከበሮው ቢዘገይ ጭብጨባው ቀድሞ ይጀምራል። ማኅሌት ላይ ወረቡ ሲደምቅ ጭብጨባውም አብሮ ይደምቃል። አዝማሪ ቤት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ካለ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ፊቱ ይቆምና በግጥም ይሸነቁጠዋል። ይኸው እጅ ነው እንግዲህ አንድ ምሽት ሎሽን ተቀብቶ ስድስት ኪሎ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ሄዶ፣ ለአርባ ደቂቃ ንቅንቅ እንዳይል የሚጠየቀው።

ጎተ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሙኒክ የሆነ የጀርመን የባህል ተቋም ነው። ቋንቋ ያስተምራል፣ በዚያው የአገሩን ሙዚቃና ቴአትር በዓለም ዙሪያ ያዞራል። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 ስለሆነ አያት የሰማውን የባኽ ሙዚቃ የልጅ ልጅ እየሰማው ነው። ታዳሚውም ቦታውን ያውቃል። የኤምባሲ ሰው ከፊት፣ ሠዓሊው ከኋላ፣ ለመስተንግዶው በር ቀረብ ብሎ። መሀሉን የሚሞላው የቋንቋ ተማሪ ነው። ባሏ ሽቱትጋርት የሚጠብቃት፣ ለቪዛው ኤ1 የሚሉት የጀርመንኛ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ብቻ የቀራት ሙሽራ «የማዳመጥ ልምምድ ይሆነኛል» ብላ ትመጣና ዘፋኙ አንዲቷን «አኽ» ሲያንቆረቁራት ማስታወሻ ደብተሯን ትዘጋለች።

ፈተናው ግን ገና ከቤት ሳይወጡ ነው የሚጀምረው። ጀርመኑ ግብዣው ላይ 19:00 ብሎ ይጽፋል፤ በኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። እንግሊዝኛው ፖስተር ላይ 7:00 ይሆናል። ተርጓሚው ስድስት መቀነስ ከረሳ አማርኛው 7 ሰዓት ብሎ ይወጣና ቁም ነገረኛው ሰው ምሳውን እንደበላ በጠራራ ፀሐይ ከተፍ ይላል። ዘበኛው «ገና ነው» ይለዋል። ልክ ነው፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ገና ነው። ጀርመንኛ የጀማመረ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። «ሃልፕ አኽት» ሲሉት ግማሽ ስምንት ማለት ነው፤ ስምንት ተኩል ግን አይደለም፣ ሰባት ተኩል ነው። ያ ሰባት ተኩል ደግሞ በኛ አንድ ተኩል ነው። ይህን ሁሉ አስልቶ በሰዓቱ የደረሰ ሰው በር ላይ ሰርተፍኬት ቢሰጠው አይበዛበትም።

በነገራችን ላይ፣ ያ የተወራለት የጀርመን ሰዓት አክባሪነትም ቀዳዳ አለው። ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ውስጥ ከሰዓቱ ጎን «ሲ.ቴ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉ ትምህርቱ ከተጻፈው ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል። «የአካዳሚ ሩብ» ይሉታል፤ ሁለቱ ፊደላትም ከላቲን የመጡ ናቸው። እኛም የምንዘገየው ያው ነው፣ ትንሽ ጨምረንበት ይሆናል እንጂ። ጥፋታችን ላቲን አለማወቃችን ነው። ኮንሰርት ላይ ግን ሩቧም አትሠራም። በሩ ከተዘጋ ተዘጋ፤ የዘገየ ሰው ሙዚቃው ፋታ እስኪያገኝ ኮሪደር ላይ ይቆማል።

ኦርኬስትራ ሙሉ ማምጣት ኪስ ስለሚያራቁት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አራት አምስት ሰው ነው። ኳርቴት እንበል፦ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። አራት ሰው ነው፣ ትኬቱ ግን አምስት። አምስተኛው የቼሎው ነው። ቫዮሊን ከራስ በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል፤ ቼሎ ግን ከሻንጣ ጋር ከተጫነ አንገቱ ተሰብሮ ሊደርስ ስለሚችል ወንበር ይገዛለታል፤ ብዙ ጊዜ በመስኮት በኩል ይቀመጥና ቀበቶ ይታሰርለታል። ምግብ አይቀርብለትም እንጂ ሙሉ ተሳፋሪ ነው። ሲመለስም ፍራንክፈርት ላይ «ኤ1 ወስደሃል ወይ?» የሚለው የለም። ሙሽራዋ መድረኩን ስታይ ቅድሚያ ዓይኗ የሚያርፈው እሱ ላይ ቢሆን አይፈረድባትም።

አዲስ አበባ ደግሞ እንግዳዋን በአየሯ ነው የምትፈትነው። በበጋው ድርቀት የቼሎው እንጨት ይኮማተርና ማጥበቂያው ይሾልካል፤ ክሩ ይላላል፤ ቃኝተው ሳይጨርሱ መልሶ ይወርዳል። መድኃኒቱ ማጥበቂያውን ነቅሎ ጠመኔ መቀባት ነው። አየሩም ስስ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኦቦ የሚነፋው ሰውዬ አገሩ ላይ ጠርቦ ያመጣው ሸምበቆ እዚህ ሲደርስ ጠባዩን ይለውጥበታል። በአንድ ትንፋሽ የሚዘልቀውን ዜማም መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ታዳሚው «እንዴት ስሜቱን ይዞታል!» ይላል። ሰውዬውን የያዘው ግን እንጦጦ ነው።

አሁን ወደ እጃችን እንመለስ። አንዱ ሥራ በክፍል በክፍል ይሄዳል፤ ሙቭመንት የሚሉት ነው። በሁለት ሙቭመንት መካከል ዝም ይባላል። እዚያ ዝምታ ውስጥ የሚፈቀደው ሳል ብቻ ነው። ለአሥር ደቂቃ ታምቆ የቆየው ሳል ባንዴ ይለቀቃል፤ ጉሮሮው ደህና የሆነውም ከሰው ላለማነስ ይስላል። ያጨበጨበ ግን አለቀለት። መቶ አንገት ይዞርበታል።

ብልኁ ሰው ይቆጥራል። በር ላይ የታደለችው ወረቀት ላይ የሙቭመንቶቹ ስም ተደርድሯል፤ አራት ከሆኑ ሦስት ዝምታ አሳልፎ ከአራተኛው በኋላ ማጨብጨብ ነው። ቤቶቨን እስኪመጣ ድረስ ይሠራል። አምስተኛው ሲምፎኒ አራት ሙቭመንት አለው፤ ሦስተኛው ግን ሳያቋርጥ ወደ አራተኛው ስለሚፈስ ዝምታው ሁለት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ ቆጣሪው «አንድ ይቀራል» ብሎ እንደተቀመጠ ጎረቤቶቹን ይታዘባል። ያው ቤቶቨን ለአራት ሰው የጻፈው፣ ኦፐስ 131 የሚባለው ኳርቴት ደግሞ ባሰ። ወረቀቱ ላይ ሰባት ሙቭመንት አለ፤ ሰባቱም ያለ ዕረፍት ተያይዘው አርባ ደቂቃ ገደማ ይሄዳሉ። ስድስት ዝምታ ልቆጥር ብሎ ጣቱን የዘረጋ ሰው ጣቱን እንደዘረጋ፣ ሳሉንም እንዳመቀ ይቀራል።

በጆሮ ልጠብቅ ያለም አይድንም። የአምስተኛው ሲምፎኒ ማለቂያ የሐበሻ እንግዳ አሸኛኘት ነው። ሳሎን ውስጥ ተነሥቶ «በሉ እንግዲህ» ይላል፣ አለቀ ስትል በር ላይ ቆሞ የአክስቱን ልጅ ጉዳይ ያነሣል፣ ግቢ መውጫው ላይ እንደገና ይስማል፣ መኪና ውስጥ ገብቶም መስኮት ያወርዳል። ቤቶቨንም አንዱን የመዝጊያ ድምፅ በኃይል ይመታዋል፤ ደግሞ ይመታዋል፤ ደግሞ። በሩ ላይ «ደህና እደሩ» ብሎ ያጨበጨበ ሰው መስኮቱ ሲወርድ እጁን አየር ላይ ያገኘዋል። ዘፋኝ ከሆነም አፉን አትመኑ። ሹማን የገጣሚውን የሃይነን ግጥሞች ወስዶ ካቀናበራቸው ሥራዎች አንዱ «የገጣሚ ፍቅር» 16 ዘፈን አለው፤ በመጨረሻው ላይ ዘፋኙ አፉን ዘግቶ ይቆማል፣ ፒያኖው ግን ብቻውን ከደቂቃ በላይ ይናገራል። የፍቅሩ መርዶ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ የኛ ጭብጨባም የሚወድቀው እዚያው ላይ።

ምልክቱ ያለው ክንድ ላይ ነው። ቀስቱ ከክሩ ተነሥቶ አየር ላይ ቆሞ ከሆነ አላለቀም። ቀስቱ ወደ ጭን ሲወርድ፣ ትከሻ ሲላላ፣ ከአራቱ አንዱ ፈገግ ሲል፣ ያኔ ነው። ከፊት ያሉትን ጀርመኖች መከተል ግን አያዋጣም። ከነሱ አንዱ የውሃ ጉድጓድ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፤ አገሩ እያለ ከእግር ኳስ በቀር ያየው ነገር አይኖር ይሆናል። ኤምባሲው ስለጠራው መጥቷል፣ መቼ እንደሚጨበጨብ ለማወቅም በዓይኑ ጠርዝ እኛን እያየ ነው።

የሚገርመው ሕጉን ያወጡት እነ ቤቶቨን አለመሆናቸው ነው። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ ሲጽፍ ሰዎቹ በመጀመሪያው ሙቭመንት መሀል እንዳጨበጨቡለት በደስታ ነው የነገረው፤ ከኮንሰርቱ በኋላም ለራሱ አይስክሬም ጋብዟል። የቤቶቨን ሰባተኛ ሲምፎኒ በ1813 ቪየና ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ ታዳሚው ሁለተኛውን ሙቭመንት «ይደገም!» ብሎ ጮኸ፤ ተደገመለትም። አምስተኛውማ በ1808 የተሰማው አራት ሰዓት ገደማ በፈጀ ዝግጅት፣ ብርድ በገባበት አዳራሽ ነው፤ ማሳረጊያው ሥራ መሀል ላይ ተበላሽቶ እንደገና ከተጀመረ በኋላ ነው ያለቀው። ዝምታው የሠፈነው ኋላ ነው፣ በነቫግነር ጊዜ። በ1882 ባይሮይት ላይ «ፓርሲፋል» የተባለው ኦፔራው ሲታይ ቫግነር ራሱ የወደደው ቦታ ላይ «ብራቮ!» ቢል ታዳሚው «እሽሽ» ብሎ ዝም አሰኝቶታል። ደራሲው ለራሱ ድርሰት ማጨብጨብ ያልቻለበት ቤት እንግዳው ቢሳሳት ምን ይገርማል?

ቴአትሩ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዝም ያለ ነው የሚወቀሰው። የቴአትር ጸሐፊው ብሬኽት፣ ያ በ1928 በርሊን ላይ «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ»ን ያሳየው፣ ታዳሚው በታሪኩ ተወስዶ እንዳያለቅስ ብዙ ደክሟል። ተዋናዩ ከገጸ ባሕሪው ወጥቶ ታዳሚውን ያናግር፣ የሚሆነው ነገር አስቀድሞ በሰሌዳ ይነገር፣ መብራቱም ሙዚቀኛውም አይደበቅ አለ። ይህን ለማስተማር ዳይሬክተር ከበርሊን ይመጣል፣ ዐውደ ጥናት ይዘጋጃል፣ የሻይ ዕረፍት ይኖራል። ከዚያው ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ አዝማሪው በየምሽቱ ዘፈኑን አቁሞ «አንተ ባለ ኮት፣ ብሩን ለማን አስቀመጥከው?» ይላል። ያለ ዐውደ ጥናት።

ከተዋናዮቹ ራስ በላይ የሚሄደው የጽሑፍ ትርጉም ደግሞ የራሱ አሳር አለው። ተዋናይ አንድ ቀን ይፈጥናል፣ አንድ ቀን ይዘገያል፤ ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠ ሰው ከጽሑፉ ጋር እየተከተለ በእጁ ነው የሚያሳልፈው። ጀርመንኛ ብዙ ጊዜ ግሱን ወደ መጨረሻ ስለሚወስድ እንግሊዝኛ ተርጓሚ ይጨነቃል፤ አማርኛ ግን መጨረሻው ላይ ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቅ ይስማማሉ። የሚጣሉት እምቢታው ላይ ነው። ተዋናዩ «ኢሽ ሊበ ዲሽ» ይላል፣ እወድሻለሁ ማለት ነው። ዝም ይላል። ልጅቷ ዓይኗ ይበራል። ከዚያ «ኒሽት» ብሎ ይገድላታል። በአማርኛ እምቢታው ከቃሉ መጀመሪያ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፦ «አልወድሽም»። ሁለት ቦታ የሚቆረጥበት መንገድ የለም። ስለዚህ ጽሑፉ ብልጭ ሲል አዳራሹ «ውይ!» ይላል፣ ተዋናይዋ ግን ገና በፍቅር እየፈካች ነው። ዳይሬክተሩ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ «እንዴት ቀድመው ገባቸው?» ይላል።

ማሳረጊያው ላይ «ትሱጋበ» የሚሉት አለ። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ሥራ ነው። የኛ የገበያ ምርቃት ነው፤ ቃሉም እነሱ ጋ ለሁለቱም ያገለግላል። እንዲያውም ነጋዴ ከዕቃው ጋር ምርቃት እንዳያበዛ የሚከለክል፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣ ደንብ ነበራቸው፤ የሻሩት በ2001 ነው። ቲማቲም ሻጭ ላይ የተከለከለው መድረክ ላይ ግን መቼም አልተከለከለም፤ ሰው እስካጨበጨበ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ይወጣሉ።

እንግዶቹ ለምርቃት የአገሩን ዜማ መጫወት ደስ ይላቸዋል። አንድ የሠርግ ዘፈን ኖታ ላይ ተጽፎ፣ ሆቴል ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለማምደው ይዘው ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ቫዮሊን ገና ሁለት ስንኝ ሳይጨርስ ምሽቱን ሙሉ ታስሮ የነበረው እጅ ይፈታል። ጭብጨባው ምቱን ይይዛል፣ ከኋላ በኩል እልልታው ይመጣል፣ ሙሽራዋ ደብተሯን ወንበር ላይ ትታ ትነሣለች። ኖታው ላይ «ሦስት ጊዜ ድገም፣ ጨርስ» ይላል። ሦስት ጊዜ ደገሙ፤ ጨረሱ። ቀስቶቹ ወደ ጭን ወረዱ። አዳራሹ ግን አምስተኛውን ዙር ይዞ ወደ ስድስተኛው እየሄደ ነው። ቼሎ ተጫዋቹ ቪዮላውን ያየዋል፣ ቪዮላው ወረቀቱን ይገለብጣል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ቼሎ ተጫዋቹ ቀስቱን እንደገና አነሣው፤ ከፊት ረድፍ ያለውን ሰው በዓይኑ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ጠየቀው። የተጠየቀው የውሃ ጉድጓዱ መሐንዲስ ነው።