ማስተካከያ፦ የአደጋ ማንቂያ ተቀባዮች ዝርዝር በአንድ ጥሪ አያልቅም

ባለፈው ሳምንት በፕሮኮር ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ መረጃ የሚጠያየቁበት መንገድ) በኩል የአደጋ ማንቂያ የሚደርሳቸውን ሰዎች ዝርዝር እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ጽፌ ነበር። ለማያውቀው፣ ፕሮኮር የግንባታ ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ሳይት ላይ አደጋ ሲመዘገብ ለተመረጡ ሰዎች መልእክት ይልካል። «አንድ ጥሪ (ኮዱ የሚልከው አንድ ጥያቄ) በቂ ነው፣ ሁሉም ስም ይመጣል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ዝርዝሩ የሚመጣው በገጽ በገጽ ተከፋፍሎ ነው። እኔ በሙከራ ፕሮጀክቴ ላይ በአንድ ገጽ 50 ብዬ ጠየቅኩ፣ 50 መጣ፣ ደስ አለኝ፣ ዘጋሁት። ልክ 50 መሆኑ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር! በኋላ የመልሱን ሄደር (ከዋናው መረጃ ጋር አብሮ የሚሄድ ተጨማሪ መረጃ) ስከፍት «ቶታል» (ጠቅላላ ብዛት) የሚለው ቦታ ላይ 63 ተጽፏል። ከቀሩት 13 ሰዎች አንዱ የሌሊት ፈረቃው የደህንነት ኃላፊ ነው። እንግዲህ አስቡት።

ስለዚህ ኮዳችሁ ሄደሩ ውስጥ ያለውን «ሊንክ» ያንብብ። «ኔክስት» የሚል የቀጣዩ ገጽ አድራሻ እስካለ ድረስ ይቀጥል፤ ሲጠፋ ያቁም።

ሌላም አለ፣ ትንሽ ነው። የኩባንያውን መለያ ቁጥር ከጥሪው ጋር በሄደር መላክ እንዳለባችሁ ሳልጠቅስ አልፌያለሁ። የፕሮጀክቱ ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

«ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው መልእክቱ ደርሶታል ማለት ነው» የሚለውንም ዓረፍተ ነገር ሰርዙልኝ። ዝርዝሩ የሚነግረን ለማን እንደሚላክ ነው። ማን እንዳነበበው አይነግረንም። የቀድሞውን ኮድ ኮፒ ያደረጋችሁ፣ ይቅርታ፤ ዛሬውኑ ቀይሩት።